ውኃውን እምቢ ብዬ ሻዩን ጠጣሁ

ውኃውን እምቢ አልኩ፤ ሻዩን ግን ጠጣሁ። ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ምንጭ ነበር። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ የሚመላለስብኝ ያ የሻይ ብርጭቆ ነው።

ቦታው ሙክቲናት ይባላል። ኔፓል ውስጥ፣ በሙስታንግ አውራጃ፣ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ደብር ነው። ደብር ያልኩት አውቄ ነው። ተራራውንም በላዩ ያለውን የጸሎት ቤትም በአንድ ቃል የምንጠራ ሰዎች ስለሆንን፣ ይህን ቦታ ለመግለጽ ቋንቋችን የተዘጋጀ መስሎ ይሰማኛል። ሂንዱዎች ሙክቲናት ሲሉት «የመፈታት ጌታ» ማለታቸው ነው፤ ነፍስ ከመወለድና ከመሞት ዙሪት የምትፈታበት ስፍራ። የአካባቢው ቡድሂስቶች ግን ቹሚግ ጊያትሳ ይሉታል፤ በቲቤትኛ «መቶ ምንጮች» እንደ ማለት ነው። ግቢው አንድ፣ ውኃው አንድ፣ በመቅደሱ ውስጥ ያለው ሐውልትም አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ ሁለት ነው።

እኔ እዚያ የደረስኩት በለቅሶ ምክንያት ነው።

መርዶ በስልክ

እናቴ ያረፈችው እኔ ዶሃ፣ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስሠራ ነው። ውሌ ገና ዓመት ስላልሞላው መሄድ አልቻልኩም። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ በር ላይ ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ ጠንካራ ሰው ተመርጦ ነው። እኔ የሰማሁት በስልክ፣ በፎጣ ክምር መካከል ቆሜ ነው። የያዘችኝ አንዲት ኔፓላዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ሁላችንም ዲዲ ነበር የምንላት፣ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። ማሽኑን አጠፋች፣ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አልቅሺም አታልቅሺም አላለችኝም። የእኔን ድርሻ ፎጣ ጭምር ማጠፍ ጀመረች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ የገባኝ ግን በዚያ ምሽት ነው።

ለእናቴ አርባ ገንዘብ ላክሁ። ድንኳኑን፣ ካህናቱን፣ ንፍሮ የያዙትን ሴቶች በቪዲዮ አየሁ። ወንድሜ ስልኩን እያዞረ ሁሉንም አሳየኝ፤ እኔ ግን የተቀመጥኩበት ቦታ በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው የዲዲ ሆነ። የእሷም እናት ስትሞት ወደ አገሯ መሄድ አልቻለችም። ፖካራ አቅራቢያ ባለው መንደራቸው ወንድሟ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሐዘን ተቀመጠ። በእነሱ ሥርዓት እናቱ የሞተችበት ልጅ ለአንድ ዓመት ወተት አይቀምስም። ዲዲ ይህን ስትነግረኝ እኔ ስለ ጾም እያሰብኩ ነበር፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር መሆኑ ገባኝ። መጀመሪያ ያጠባችህ ስትሄድ ወተት ይቋረጥብሃል። ለዚህ ማብራሪያ አልጠየቅኳትም።

ዓመቱ ሲሞላ ወንድሟ ወደ ካግቤኒና ወደ ሙክቲናት ሊሄድ ተነሣ። የእሷ ፈቃድ ደረሰ፣ የእኔም ደረሰ። «ነይ» አለችኝ። ለኢትዮጵያውያን ኔፓል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቪዛ ስለማይሰጥ ቀድሜ ከኤምባሲያቸው አወጣሁና ሄድኩ።

ስም የሚጠራበት ወንዝ

ካትማንዱ ላይ ዲዲ መጀመሪያ ፓሹፓቲናት ወሰደችኝ። ባግማቲ ወንዝ ዳር ያለ፣ ሺቫ ለሚባለው የሂንዱዎች አምላክ የተሠራ ትልቅ መቅደስ ነው፤ ሙታን የሚቃጠሉትም እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ዋናው መቅደስ ውስጥ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም። እሷ ገባች፤ እኔ ከወንዙ ማዶ ደረጃው ላይ ሆኜ ጭሱን እያየሁ ጠበቅኳት። ቅር አላለኝም። በእኛም ቅዳሴ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን»፣ ገና ያልተጠመቃችሁ ውጡ፣ የሚልበት ሰዓት አለ። ይህን የማነሳው ኔፓል ውስጥ ሁሉም በር ለሁሉም ክፍት ነው ብዬ እንዳልጽፍ ነው። አይደለም። ሙክቲናትን እንግዳ ያደረገብኝም ይኸው ነው።

ከፖካራ በጂፕ ሙሉ ቀን ተጓዝን። መንገዱ የካሊ ጋንዳኪን ወንዝ ይዞ ይወጣል፤ በአንድ ወገን ዳውላጊሪ 8,167 ሜትር፣ በሌላው ወገን አናፑርና 8,091 ሜትር ቆመው ወንዙ በመካከላቸው ያልፋል። ከቀትር ወዲያ በሸለቆው ውስጥ የሚነሣው ንፋስ ሰው ይገፋል፤ ወደ ጆምሶም ከተማ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያርፉት በእሱ ምክንያት ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ዛፉ አለቀ፣ ተራራው አፈር መሰለ፣ ቤቶቹ ጠፍጣፋ ጣሪያ ሆኑ፣ በየጣሪያው ላይ የጸሎት ባንዲራ ተሰቀለ። የሂንዱዎችን አገር ከኋላችን ትተን ወደ ቲቤት ቡድሂዝም አገር መግባታችን ነው። የሚገርመው ግን ከእኛ ጋር የሚወጣው ጂፕ ሁሉ በሂንዱ ተሳላሚዎች የተሞላ መሆኑ ነበር።

ወንዙ ዳር ሰዎች አጎንብሰው ጥቁር ድንጋይ ይፈልጋሉ። ሻሊግራም ይባላል። ሲሰነጠቅ በውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ቅርጽ ይታያል፤ ከ100 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት በባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ ቅሪት ነው፤ የሂማላያ ተራሮች በዚያ ዘመን የባሕር ወለል ነበሩና። ከሂንዱዎች ታላላቅ አማልክት አንዱ ለሆነው ለቪሽኑ አማኞች ግን ድንጋዩ የቪሽኑ ምልክት ብቻ ሳይሆን ራሱ ቪሽኑ ነው። ቭሪንዳ የምትባል ታማኝ ሚስት ቪሽኑ ስላታለላት «ድንጋይ ሁን» ብላ ረገመችው፤ እሱም እርግማኑን ተቀበለ። ስለዚህ በየቤታቸው ድንጋዩን ያጥቡታል፣ ቱልሲ የሚሉትን የበሶብላ ዓይነት ቅጠል ያኖሩለታል። አምላክ የሴትን እርግማን ተቀብሎ በወንዝ ውስጥ የሚንከባለልበት ታሪክ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ካግቤኒ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት መንደር ነው። ከላይ እ.ኤ.አ. በ1429 የተመሠረተ ቀይ የቡድሂስት ገዳም ይታያል፤ ከታች ወንዙ ዳር ሂንዱዎች ለሙታን ሥርዓት ያደርጋሉ። የዲዲ ወንድም ባዶ እግሩን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጣቱ ላይ ከሣር የተጎነጎነ ቀለበት አጠለቁለት፤ ከእህል የተድቦለቦሉ ትንንሽ ኳሶች ሠርቶ ሰሊጥ ነሰነሰባቸው። ካህኑ ስም ጠየቀው። የእናቱን ተናገረ። የአያቱን ተናገረ። ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ዝምታው ረዘመ። ወንዙ ብቻ ይጮኻል። ዲዲ ከኋላው ጎንበስ ብላ ስሙን በጆሮው ነገረችው።

ሥርዓቱን የሚፈጽመው ወንድ ልጅ ነው፤ ስሙን የያዘችው ግን እሷ ነበረች፤ ስንት ዓመት በረሃ ተቀምጣ፣ የሰው አንሶላ እያጠበች። እኔም ሰባት ቤት ቁጠሪ ተብዬ ያደግሁ ነኝ። በልቤ የእናቴን እናት፣ የእሷን እናት መቁጠር ጀመርኩ፤ ሦስተኛዋ ላይ እኔም ቆምኩ። ለእኔ በጆሮዬ የሚነግረኝ አልነበረም።

አንድ ሐውልት

በማግስቱ ከራኒፓውዋ መንደር ተነሥተን በእግራችን ወጣን። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግሁ ስለሆንኩ ብርድና ዳገት አያስፈራኝም ብዬ ነበር፤ ዶሃ ሳምባዬን ሜዳ እንዳስለመደችው የገባኝ ደረጃው መሐል ላይ ነው። በቅጥሩ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቁመት ያላቸው ረጃጅም ዛፎች በዚያ ደረቅ ተራራ ላይ ለብቻቸው ቆመዋል። ቡድሂስቶች 84 ቅዱሳን በዚህ ሲያልፉ የተከሉት በትር ነው ይላሉ። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡድሂዝምን ወደ ቲቤት ያደረሰው ፓድማሳምባቫም በመንገዱ እዚህ ተቀምጦ እንደጸለየ ያምናሉ። ለደቡብ ሕንድ የቪሽኑ አማኞች ደግሞ ከ108ቱ ታላላቅ የቪሽኑ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። 105ቱ ሕንድ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱ ከዚህ ዓለም ውጪ ናቸው፣ አንዱ ኔፓል ነው።

መቅደሱ ትንሽ ነው። ሦስት ተደራራቢ ጣሪያ ያለው፣ ከእኛ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የማይበልጥ። በበሩ በኩል ወርቃማው ሐውልት ይታያል። ዲዲና ወንድሟ ቪሽኑን አዩ። ከኋላችን ረጅም ሹሩባ የሠሩ አንዲት የሙስታንግ አሮጊት በቲቤትኛ እየጸለዩ መጡ፤ እሳቸው የሚያዩት ቼንሬዚግን፣ የርኅራኄን ቦዲሳትቫ፣ ሌሎችን ለማዳን ሲል የቆየውን ቅዱስ ነው። በሩ አጠገብ አንድ ብራህማን ካህን ግንባር ላይ ቀለም ይቀባል፤ ቀይ የለበሱና ራሳቸውን የተላጩ መነኩሲት ደግሞ የመብራት ሣህን ይወለውላሉ። ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አይኮራረፉም። አንድ ወጥ ቤት የሚጋሩ ምራትና አማት ይመስሉ ነበር።

«አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። ጥሩ ቃል ነው፤ ብዙ ደም አስቀርቷል ብዬም አምናለሁ። እዚያ በር ላይ ቆሜ ግን አባባሉ አልበቃኝም። ሃይማኖትን የግል ስናደርገው ሰላም የምናገኘው እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ገብተን በራችንን ዘግተን ነው። እዚህ የተዘጋ በር አልነበረም። ሐውልቱም የግል አልነበረም። አሮጊቷ ለሂንዱዎቹ ብለው የጸሎታቸውን ድምፅ አልቀነሱም፤ ካህኑም ደወሉን ቀስ አላደረገም። ሐውልቱ የማን እንደሆነ እስኪወሰን ማንም ጸሎቱን አላቆየም።

ይህን ስጽፍ ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ ከኔፓል ሕዝብ 81 በመቶው ሂንዱ ነው፤ ቡድሂስቱ 8 በመቶ ነው። የጂፕ መንገድ ከተሠራ ወዲህ ከሕንድ ተሳላሚው በገፍ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ራሳቸው እዚህ መጥተው ሰግደዋል። በመንገድ ላይ ካነጋገርናቸው ተሳላሚዎች መካከል ቹሚግ ጊያትሳ የሚለውን ስም የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም፤ ዲዲም ራሷ አታውቀውም ነበር። ሁለት ስም ያለው ቦታ አንዱን ስሙን ሊያጣ ይችላል፤ ጠብ ሳይነሣ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ። ይህ ያሳስበኛል።

ሻዩ

ከመቅደሱ በስተኋላ 108 የነሐስ የላም ራሶች በግማሽ ክብ ግንብ ላይ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው አፍ ውኃ ይወርዳል። በረዶ ቀልጦ የመጣ ውኃ ነው። 108 የሁለቱም ሃይማኖቶች ቁጥር ነው፤ የሁለቱም መቁጠሪያ 108 ፍሬ አለው። ሂንዱዎቹ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እየሮጡ ሁሉንም በራሳቸው ላይ ያፈስሳሉ። ዲዲ ልብሷን ለእኔ ሰጥታ ገባች። ጮኸች። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እያለቀሰች ጨረሰች። ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው፤ ዶሃ ላይ አንድም ቀን እንዲህ አላየኋትም።

ከዚያ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። «አንቺም። ለእናትሽ።»

የገዛ እናቴ በልጅነቴ ከእንቅልፌ ቀስቅሳ፣ በባዶ ሆዴ ጸበል ትወስደኝ ነበር። ውኃው ሲወርድብኝ የምጮኸውን ጩኸት፣ ከዚያ በኋላ በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ የምትይዘኝን ሙቀት አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዲዲ የጠራችኝ ወደማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። ባላውቀው ኖሮ እንደ ጎብኚ ዘው ብዬ እገባና ፎቶ እነሣ ነበር። ውኃ በራስ ላይ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ እግሬ አልሄድ አለ። እጄ ማተቤን ያዘ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ዲዲ አልተቀየመችም። እኔ ግን የእሷን ልብስ ታቅፌ እንደ ከዳሁ ሰው ቆምኩ። የሷን እናት ለማልቀስ ከዶሃ ድረስ መጥቼ፣ የመጨረሻዎቹ አሥር እርምጃዎች ላይ ቀረሁ።

በዚህ ጊዜ መነኩሲቷ መጡ፤ ቅድም ሣህን ሲወለውሉ የነበሩት። ዲዲ «አኒ» አለቻቸው፤ የቡድሂስት መነኩሲት እንዲያ ትጠራለች። በእኔ ልብ ከመጀመሪያው እማሆይ ነበሩ። ፔርሙስና ብርጭቆዎች ይዘዋል። ለዲዲ ቀዱ፣ ለወንድሟ ቀዱ። ወንድሟ ወደ ብርጭቆው ተመልክቶ ትንሽ ቆየ፤ ወተት የገባበት ሻይ ነው። ዓመቱ አልፏል፣ ተፈቅዶለታል። ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው። ከዚያ እማሆይ ለእኔ ቀዱልኝና ጠጣሁ። እጄ ሞቀ። ውኃው ከየት ነው ብዬ ሳስብ ብርጭቆው ተጋምሷል። በዲዲ በኩል ጠየቅኳቸው። በአገጫቸው ወደ ላሞቹ ራስ አመለከቱ።

ቀሪውን ጠጣሁት። ትቼው መሄድ አልቻልኩም፤ ከሰው እጅ የተቀበሉትን ከግማሽ አይመልሱም።

በክረምት እዚህ ማን ይኖራል ብላ ዲዲ ጠየቀቻቸው። እኛ አሉ። ተሳላሚው ሲቀር፣ አንዳንድ ጠዋት ከላሞቹ አፍ ላይ በረዶውን የሚሰብሩት እነሱ እንደሆኑ ነገሩን። በሂንዱዎቹ ራስ ላይ የሚወርደው ውኃ እንዳይቋረጥ በቡድሂስት መነኩሲት እጅ በረዶ ይሰበራል ማለት ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖቶች መቻቻል ሲወራ በሰማሁ ቁጥር በዓይኔ የሚመጣው የእሳቸው የተሰነጣጠቀ እጅ ነው፤ በረዶውን የሚሰብረው ማን ነው ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ዶሃ ስመለስ ለንስሐ አባቴ በስልክ ነገርኳቸው። ውኃውን ስለተውኩት መልካም አደረግሽ አሉኝ፤ ስለ ሻዩ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ብርድ ነበር አይደል?» አሉኝ። ነበር አልኳቸው። ሌላ አልጨመሩም። የመብራቱን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

መብራቱ

ከሻዩ በኋላ እማሆይ ወደ ጅዋላ ማይ ወሰዱን፤ በዚያው ቅጥር ውስጥ ያለ የመነኩሲቶቹ ዝቅተኛ ቤት ነው። ጎንበስ ብለን ገባን። በመንበሩ ሥር ያለችውን ትንሽ መጋረጃ ገለጡ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ወደ ጉድጓዱ አየሁ። ሰማያዊ ነበልባል ነው፤ የአውራ ጣቴን ያህል። ከዓለቱ ከሚወጣ ጋዝ ያለ እንጨት፣ ያለ ዘይት ይነድዳል፤ ሥሩ ደግሞ ውኃ ሲሄድ ይሰማል። ሂንዱዎች ብራህማ የተባለው አምላካቸው ለመሥዋዕት የለኮሰው እሳት ይሉታል፤ ለቡድሂስቶችም የተቀደሰ ነው። ፊቴን ባቀረብኩ ጊዜ ሙቀቱ አልተሰማኝም፤ የውኃው ድምፅ ግን በጆሮዬ ሞላ።

ስነሣ እማሆይ በቅቤ የሚበራ ትንሽ የነሐስ ኩባያ በእጃቸው ይዘው ነበር። የዲዲን እናት ስም ጠይቀው አንድ አበሩ። ከዚያ ሌላ አነሡና ወደ እኔ ተመለከቱ። ዲዲ ሳትነግራቸው አልቀረችም።

«እናትሽ ስማቸው ማን ነበር? ይሉሻል» አለችኝ።

እናቴ እንደማንኛዋም ሴት ሁለት ስም ነበራት። አንዱ ወለተ ብሎ የሚጀምረው፣ ካህናቱ በፍትሐቷ የጠሩት፣ በአርባዋ የጠሩት የክርስትና ስሟ ነው። እሱን ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልቆጭም ነበር አልልም። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። የቤተ ክርስቲያኗ ነው፣ እዚያ ይቆይ። ሁለተኛውን ግን፣ ጎረቤት በአጥር ላይ የሚጠራትን፣ ገበያ ላይ የምትታወቅበትን፣ አባቴ ሲናደድም ሲወድዳትም የሚጠራትን ስም ሰጠኋቸው። የትኛውን ስም ማን እንደሚይዝ በዚያች ደቂቃ ማን እንደወሰነልኝ አላውቅም። ውኃውን እምቢ ያለችውም እኔ ነኝ፣ ሻዩን የጠጣችውም እኔ ነኝ፤ ስሙን ለሁለት የከፈለችው ሴት ደግሞ ሁለቱንም የምታውቃቸው መሰለችኝ።

እማሆይ መብራቱን ለኩሰው ስሙን ጠሩት። መካከሉ ላይ ያለው ፊደል በምላሳቸው አልያዝ አላቸው፤ ስሙ የሌላ ሴት ስም ሆነ። እኔ ላርም አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣልኝም።

ዲዲ ጎንበስ አለችና በጆሯቸው ነገረቻቸው። ያንን ስም በማጠቢያው ክፍል ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግመው ጠሩት፣ አሁን ልክ ነበር፤ ከዚያ መብራቱን ከዲዲ እናት መብራት አጠገብ አኖሩት።